ርካሿ መቅጃና ማጫወቻ፦ ጅማ ላይ ተጠቅሜባት ያየሁት

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስም የሌላትን፣ ኪስ ውስጥ የምትገባዋን የቻይና ማጫወቻ ለሙዚቃ ብቻ ከሆነ አትግዟት፤ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ይበልጣታል። ድምፅ ለመቅዳት ከሆነ ግን ግዟት። በተለይ ቤታችሁ ወይም ሠፈራችሁ ውስጥ ብዙ የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ዛሬ ነገ ሳትሉ ግዟት።

ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ባሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በየመልኩ ትገኛለች። ቀለሟና ቅርጿ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ትንሽ ስክሪን፣ ጥቂት ቁልፎች፣ የሚሞሪ ማስገቢያ፣ የኢርፎን ቀዳዳ፣ አናቷ ላይ ማይክ። ዋጋዋ እንደ ሱቁና እንደ ተከራካሪው ነው፤ ከአዲስ ስማርት ስልክ ግን በብዙ ያንሳል።

ሙዚቃውን ቶሎ ልጨርሰው። የአፕልን ሙዚቃ ማጫወቻ፣ አይፖድን የሚያህል ዕቃ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ማምረቱ የቆመው ስልክ ቦታውን ስለወሰደበት ነው። እዚህችኛዋ ላይ ደግሞ የዘፈኑ ስም በአማርኛ ከተጻፈ ስክሪኑ የሚያሳያችሁ ባዶ ሳጥኖችን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር፤ የእነዚህ ዕቃዎች ሠሪዎች ግን የፊደሉን ቅርጽ አይጭኑባቸውም፣ ስለዚህ ስሙን በላቲን መጻፍ ግድ ይላችኋል። ብዙዎቹ ዘፈን የሚያጫውቱት ደግሞ በስም ቅደም ተከተል ሳይሆን ሚሞሪው ላይ በተገለበጠበት ተራ ነው። አብሯት የምትመጣውን ኢርፎን ተዉት። ደህና ኢርፎን ስትሰኩባት ድምፁ አይከፋም፤ መብራት ጠፍቶ የስልካችሁን ባትሪ መቆጠብ ስትፈልጉም ትጠቅማለች። ከዚያ በላይ አልጠብቅባትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «ስልኬም ይቀዳል እኮ» የሚል አይጠፋም። ይቀዳል፤ ግን መሃል ላይ ይደወላል፣ መልእክት ይንጫጫል፣ ሚሞሪው በፎቶ ሞልቶ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ስልክ ፊታቸው ሲቀመጥ ብዙ ሽማግሌዎች ቪዲዮ የሚነሱ ስለሚመስላቸው ቃላቸውን ይመርጣሉ። ይህቺን ትንሽ ዕቃ ግን አስፈቅዳችሁ፣ ምን እንደምትሠራ አስረድታችሁ አጠገባቸው ስታስቀምጧት ትንሽ ቆይተው ይረሷታል፣ ቡናው እየተፈላ ወሬው ይመጣል፣ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይሻገራል፣ እናንተም ቁልፍ መጫን ሳያስፈልጋችሁ ትሰማላችሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ያንን ዘመን በዓይናቸው ካዩ ወላጆች አፍ የሰሙ ሰዎች ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ጂሬን ያለው ቤተ መንግሥት ቆሞ ይታያል፤ እነሱ የሚያወሩት ግን ካልተቀዳ የትም አይገኝም።

ስትገዟት እንደመጣች አትጠቀሙባት፤ ቅንብሯን አስተካክሉ። በድምፅ የሚነሳ ቀረጻ የሚባለውን አጥፉት፤ ሰው መናገር ሲጀምር ነው የሚነቃው፣ እስኪነቃ ድረስ የመጀመሪያው ቃል ተበልቶ ያልፋል። ሽማግሌ ሲያወራ ዝምታውም የወሬው አካል ስለሆነ እሱም እንዳይቆረጥ። ጩኸት ቀናሹንም አጥፉት፤ የንግግሩን ጥራት ይዞ ይሄዳል፣ ሰውየው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ጥራቱን በተመለከተ በሰከንድ 1536 ኪሎቢት የሚለው ዋቭ (ያልታመቀው የድምፅ ፋይል) በሰዓት 690 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 128 ኪሎቢት የሆነው ኤምፒ3 (ታምቆ ያነሰው) ደግሞ 58 ገደማ። 8 ጂቢ ሚሞሪ የመጀመሪያውን 11 ሰዓት፣ ሁለተኛውን 130 ሰዓት ገደማ ይይዛል ማለት ነው። ለወሬ እኔ ከፍ ያለ ኤምፒ3፣ 192 ካለ እሱን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ዋቭ እየቀዳች ባትሪዋ ድንገት ካለቀ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀርና አልከፈት ሊል ይችላል፤ ኤምፒ3 ግን እስከተቀዳበት ድረስ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መንዙማ ላይ ደካማ ናት፣ ይሄን በግልጽ ልበል። አብዛኞቹ የድምፁን መጠን ራሳቸው ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉ ድቤው ሲመታ ዜማው ይዋጣል፣ ድቤው ሲያርፍ ደግሞ የክፍሉ ጩኸት ሁሉ ሽቅብ ይወጣል። ራቅ ማለት ይረዳል። ለወሬ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቅረቡ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ማይኩ የሚደርሰው የድምፅ ግፊት በግማሽ ይወርዳልና አንድ ክንድ ያህል ይበቃል። ጠረጴዛ ወይም ረከቦት ላይ አታስቀምጧት፣ የሲኒው ኳኳታ ሁሉ ይገባል፤ የታጠፈ ጋቢ ላይ አድርጓት። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሥር ዝናቡ ሲወርድ ግን ምንም ቅንብር አያድናችሁም። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ።

ሌላው ችግር ሰዓቷ ነው። ባትሪዋ ጭልጥ ብሎ ሲያልቅ ቀኗ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ የፋይሉም ቀን ይሳሳታል። ስለዚህ ስትጀምሩ የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን በድምፃችሁ ተናገሩ። ቅጂውን በዚያው ዕለት ኮምፒውተር ላይ፣ ከዚያም ሌላ ቦታ ገልብጡት፤ አንድ ሚሞሪ ላይ ብቻ የተቀመጠ ቅጂ እንዳለ አልቆጥረውም።

ሚሞሪው ላይ ተጠንቀቁ። 64 ጂቢ ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን በጣም ያነሰ ካርድ ገበያው ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩም የውሸቱን ቁጥር ያሳያችኋል፤ ውሸቱ የሚገለጠው በፋይል ሞልታችሁ መልሳችሁ ስትከፍቱት ነው፣ ከእውነተኛው መጠን በኋላ የተጻፈው ሁሉ ተበላሽቶ ታገኙታላችሁ። ብዙዎቹ ርካሽ መቅጃዎች ከ32 ጂቢ በላይ ስለማያነቡ 16 ወይም 32 የሆነ ደህና ካርድ ለብቻው ግዙ። ታይፕ ሲ ያላት ከሆነ ደግሞ ከአዲሶቹ ስልኮች ጋር በሚመጣው፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ቻርጅ ላታደርግ ትችላለች። አንዱ ጫፉ የድሮው ዩኤስቢ የሆነውን ሞክሩ፤ ተበላሸች ብላችሁ ወደ ሱቁ ከመሮጣችሁ በፊት።

ሱቁ ውስጥ የራሳችሁን ኢርፎን ይዛችሁ ግቡ። ባጃጁ ደጅ ላይ እየጮኸ አንድ ሁለት ደቂቃ ቅዱ፣ እዚያው አዳምጡ። ስቴሪዮ ናት ካሏችሁ በግራ በቀኝ አጨብጭቡ፤ በሁለቱም ጆሮ እኩል ከተሰማችሁ ስቴሪዮ አይደለችም፣ ዋጋውን በዚያው ልክ አስቀንሱ። «አትከፈትም፣ ታሽጋለች» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ምስጋና ሰጥታችሁ ውጡ፤ ከጎኑ ያለው ከፍቶ ያሳያችኋል።