ኤሲ ነው ተብሎ የሚሸጠውን የውሃ ቬንትሌተር እንዳትገዙ

ድሬዎች፣ ሙቀቱ አጣድፏችሁ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። "ተንቀሳቃሽ ኤሲ" እየተባለ የሚሸጥ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ረጅም ዕቃ አለ። በ18 ሺህ ብር ገዛሁት። ኤሲ አይደለም።

ሻጩ በረዶ የሚሠራባቸው ሁለት ሰማያዊ ፕላስቲኮች ጨምሮ ሰጠኝ። "ፍሪዘር ውስጥ አሳድረህ ውሃው ውስጥ ክተታቸው፣ ቅዝቃዜውን አጠራቅመው ሌሊቱን ሙሉ ይለቁልሃል" አለኝ። አመንኩት። በርና መስኮት ዘግቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ግን አንሶላው ረጥቦ፣ ልጄ ላብ በላብ ሆና ተነሳች።

በማግስቱ የኋላ ክዳኑን ፈታሁት። የማር እንጀራ የመሰለ ካርቶን፣ አንዲት ትንሽ ፓምፕና ቬንትሌተር፣ በቃ። ኮምፕሬሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር) የለም፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦም የለም። አየሩ በእርጥቡ ካርቶን ሲያልፍ ውሃው ይተንና ሙቀት ይወስዳል፤ ይሄ እውነት ነው፣ አየሩ ደረቅ ሆኖ መስኮት ከተከፈተ ይሠራል። በተዘጋ ክፍል ግን እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው አየሩ እርጥበት ይጠግባል፣ ማቀዝቀዙም ይደክማል፣ ላባችንም አልደርቅ ይላል።

በረዶውንም አስቡት። 1 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚውጠው ሙቀት 334 ኪሎ ጁል ነው። ሁለቱ ፕላስቲኮች ተደምረው ከዚያ አይበልጡም። ባለ 12 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤሲ ያንን ያህል ሙቀት በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ያወጣዋል። ያውም በረዶውን የሠራው ፍሪዘር ሙቀቱን እዚያው ቤታችን ውስጥ ነው የሚተፋው።

ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። የኔው 65 ዋት ይላል። በ65 ዋት ክፍል የሚያቀዘቅዝ ኤሲ የለም።

ልመልስ ብሄድ "ውሃ የነካው ዕቃ አንቀበልም" አሉኝ። ውሃ ሳይጨመርበት የማይሠራ ዕቃ! በጣም ነው ያናደደኝ፣ ያ ገንዘብ ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም አስቀብቶ ኮርኒስ ያስጀምረኝ ነበር። ቀን ሙሉ ቁልቁል የሚያነድደን ቆርቆሮው ነው፤ ማታ ደግሞ የብሎኬቱ ግድግዳ የጠጣውን ሙቀት ይለቅብናል።

የገዛችሁ ካላችሁ ጀርባውን ወደ ክፍት መስኮት አዙሩትና በሌላ በኩል በር ወይም መስኮት ክፈቱለት። በረዶውን ተዉት። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ካርቶኑ ቶሎ ይሸታል።