ለልጄ መምህርት ምስጋና፣ ኦ ክፍል (ቅድመ አንደኛ) ለምትፈልጉ ደግሞ ጥቆማ

ደብረ ማርቆስ ላላችሁና ዘንድሮ ልጅ ልታስገቡ ለምታስቡ ነው የምጽፈው። የልጄን መምህርት ላመሰግንም ልጠቁምም ፈልጌ ነው። ስሟን አልጽፍም፣ «ተይ እባክሽ» ብላኛለች። የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ።

ልጄ ግራኝ ነው። አምና የነበረበት ቦታ እርሳሱን ከግራ እጁ እየነጠቁ ቀኙ ላይ ያደርጉበት ነበር፤ እኔን ሲያገኙኝ ደግሞ «ልጅሽ ሰነፍ ነው፣ አይጽፍም» ብቻ። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል። ቤት ደግሞ እናቴ እማሆይ አሉ፤ በግራው ሲጎርስ ካዩ እጁን ቸብ ነው። (ከእማሆይ ጋር መከራከር? የማይታሰብ!)

ይቺ መምህርት ገና ስናስመዘግብ ሀ ሁ ይለያል ወይ አላለችም። ምን ያስፈራዋል፣ ሽንቱ ሲመጣ ምን ብሎ ይናገራል፣ ከማን ጋር ይውላል ብላ ጠየቀችኝ። ከእማሆይ ጋር እንደሚውል ስነግራት ቅዳሜ ቤታችን ቡና ላይ መጣች። ልጁ ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። እሷ እቴ! ቁጭ ብላ «እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፣ ድንጋይ ሲወረውር በየትኛው እጁ ነው?» እያለች እማሆይን ትጠይቃለች። እማሆይ ራሳቸው «ሁሉን በግራው ነው እንጂ፣ ከድሮም» አሉ። ከዚያ ነው ቀስ ብላ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ እንደሆነ፣ አፈጣጠር እንጂ የአስተዳደግ ጉድለት እንዳልሆነ የነገረቻቸው። ማዕድ ላይ ግን አልተከራከረችም። «እሱ የቤታችሁ ሥርዓት ነው፣ ሳትመቱ አስለምዱት፤ እርሳሱን ለእኔ ተዉልኝ» አለች። እማሆይም እሺ አሉ። እሺ አሉ እኮ!

ክፍል ውስጥ ክርኑ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጋጭ አግዳሚው ላይ በግራ ጫፍ አስቀመጠችው። የደብተሩን ራስጌ ወደ ቀኝ ዘንበል እንዲያደርግ፣ እጁ የጻፈውን እንዳይሸፍንበትም እርሳሱን ከጫፉ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲይዝ አሳየችው። ለእኛም አሳየችን፣ ቤት እንደዚያው እናደርጋለን። አሁን ስሙን ይጽፋል።

ሌላው ደብተሯ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሲመጣ የቴሌግራም ግሩፕ የሚያስተማምን አልሆነም፣ ስለዚህ በልጁ ቦርሳ ትንሽ ደብተር ትልካለች፣ እሷ ብቻ ሳትሆን እኛም እንጽፍባታለን፤ ሌሊት አተኩሶት ነበር፣ አባቱ መንገድ ስለሄደ ዛሬ ሊከፋው ይችላል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለ በር ላይ ጠብቃ በቃል ትነግረዋለች፤ ያውም ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው ወስዳ። እኛ ወላጆች እኮ ስንጠራ ወይ ለመዋጮ ወይ ልጁ አጥፍቶ ነው የሚመስለን፤ የወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ስብሰባ ሲባል ኪሳችንን የምንዳብሰውም ለዚህ ነው።

ጉድለቷንም ልናገር፣ ቁጡ ናት። ልጆቹን አይደለም፣ እኛን። ሳትነግሯት ሌላ ሰው ብትልኩ ልጁን አትሰጥም። ባለቤቴ ወንድሙን ልኮ ባዶ እጁን ተመልሷል፣ ትንሽ ተኮራርፈንም ነበር። ግን ልክ ናት።

በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት አድርጎታል። እና አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ካላችሁ ምዝገባ ሲጀመር ቶሎ በሉ፣ ክፍሉ ይሞላል። መምህርት፣ አንቺ ደግሞ ዕድሜ ይስጥሽ! ስትሄዱ ከተቻለ አባትየውም ይምጣ፤ «እናትየዋን ብቻ ምን አናግራለሁ» ትላለች።