ጨርሶ ማስረከብ ወይስ አብሮ መሥራት፦ በባሕር ዳር የተገዛ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ግምገማ

ባሕር ዳር የሚገኘው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራችን በእጅ የተሞሉ የብድር ማመልከቻዎችን አንብቦ ወደ መዝገብ የሚያስገባ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት ለማሠራት ሲወስን፣ ተጫራች ሆኖ የቀረበው የአዲስ አበባ የሶፍትዌር ድርጅት ሦስት የአጋርነት አማራጮችን ይዞ መጣ፦ ሥራውን ራሱ ጨርሶ ማስረከብ፣ ከእኛ ሠራተኞች ጋር በጋራ ቡድን መሥራት፣ ወይም ገንብቶና ለተወሰነ ጊዜ አንቀሳቅሶ ማስተላለፍ። ባለሙያዎቹ ሥራቸውን እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። እዚህ የምገመግመው አማራጮቹን ነው፤ የአገልግሎቱን ጥራት ከኮዱ ይበልጥ የወሰነው ውሉ ነበርና።

ለሥራ አመራር ኮሚቴው በመጀመሪያ የጣመው ጨርሶ የማስረከብ አማራጭ ነበር። ዋጋው የተቆረጠ፣ የርክክቡ ቀንም የታወቀ በመሆኑ ለኦዲተር ለማስረዳት ይቀላል። ሙከራው ሲካሄድ ግን ችግሩ ፈጥኖ ወጣ። በረቂቅ ውሉ የሰፈረው የትክክለኛነት መጠን የተለካው በፊደል ነበር። ሥርዓቱ ከመቶ ፊደላት 98ቱን በትክክል ቢያነብና ስህተቶቹ በየቦታው ተበታትነው ቢገኙ፣ የአመልካቹ ስም ከነአባቱ አሥር ፊደል ከሆነ፣ ከአምስት ማመልከቻዎች አንዱ ገደማ በተሳሳተ ስም ይመዘገባል ማለት ነው። ለብድር ክፍል ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ከዚህ የባሰው በፊደል ልኬት ጭራሽ የማይታየው ስህተት ነው። አንድ የዘጌ ቡና አምራች ስማቸው በአንዱ ቅጽ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ ስለተጻፈ፣ ሥርዓቱ ሁለቱንም እንደተጻፉ አንብቦ ሁለት አባላት አደረጋቸው። የመክፈያ ቀናቸው ጳጉሜ ላይ የዋለ ብድሮች ደግሞ ቀን አልባ ሆነው ቀሩ፤ የመረጃ ቋቱ የተሠራው 12 ወራት ብቻ ላለው አቆጣጠር ነበር። የብድር ክፍል ባልደረባችን ዝርዝሩን ስክሪኑ ላይ ተመልክታ «እኚህ ሰው እኮ አንድ ናቸው፤ ለሌላው ዋስ የሆኑትም እርሳቸው ናቸው» ብትልም፣ ከድርጅቱ የተሰጣት መልስ ንባቡ በውሉ መሠረት ትክክል ነው የሚል ነበር። በውሉ መሠረትስ ትክክል ነበር።

ስለዚህ ወደ ጋራ ቡድን ተሻገርን። የብድር ክፍል ሠራተኞች ከመዝገብ ቤት የወጡ የቆዩ ማመልከቻዎችን ትክክለኛ ንባብ አዘጋጅተው ከፊሉን ለሥርዓቱ ማሠልጠኛ ለድርጅቱ ሰጡ፤ ከፊሉን ግን ድርጅቱ ሳያየው ለፈተና አስቀመጡ። ክፍያውም ሥርዓቱ በዚህ ፈተና ላይ ሙሉ ቅጾችን ያለ ስህተት በማንበቡ ልክ እንዲፈጸም ተስማማን። ሌላ ተቋም ከዚህ ውል አንድ አንቀጽ ብቻ ይውሰድ ቢባል፣ እኔ የምመርጥለት ይህን ነው።

አብሮ መሥራት ግን ርካሽ አይደለም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ማዳበሪያ መግዣ ብድር ፈላጊው ግቢውን በሚሞላበት ወቅት ሠራተኛን ከመስኮት አንስቶ ንባብ ማስተካከል ላይ ማስቀመጥ ወረፋውን ያስረዝማል። በአካል ይገኛሉ የተባሉት የድርጅቱ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በቪዲዮ ስብሰባ ስለነበር፣ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ውይይቱ መሃል ላይ ይቀር ነበር። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለበት ከተማ ለቡድኑ የሚሆን ወጣት ማግኘት አያስቸግርም፤ ከሠለጠነ በኋላ ማቆየቱ ነው የሚከብደው።

ሁለት ጉዳዮች በየትኛውም አማራጭ ከማኅበሩ ትከሻ አይወርዱም። የአባላት መረጃ ለምን ዓላማ እንደሚውል የሚወስነው ማኅበሩ ስለሆነ፣ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚመጣበትን ኃላፊነት ሥራውን ለሌላ በመስጠት ብቻ ሊያራግፈው አይችልም። ሥርዓቱ የሚሠራበት የውጭ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት) ሂሳብም የሚሰላው በዶላር ነው፤ የምንዛሪ ተመኑ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ ጨርሶ የማስረከብ ውል «ቁርጥ ዋጋ» ከርክክብ በኋላ በየወሩ የሚመጣውን ወጪ አይሸፍንም። ይህን በጨረታ ሰነዱ ላይ ያየ ሰው አልነበረም።

ገንብቶ የማስተላለፉ አማራጭ አንድም የኮምፒውተር ባለሙያ ለሌለው ተቋም ይሆናል፤ የማስተላለፊያው ቀንና የሚተላለፈው ነገር ዝርዝር በውሉ ካልታሰሩ ግን ተቋሙ ቋሚ ኪራይ ከፋይ ሆኖ ይቀራል።

ለጋራ ቡድኑ አገልግሎት ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ ጨርሶ የማስረከቡ አማራጭ፣ ለእኛ በቀረበበት መልኩ፣ ከሁለት አያልፍም። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት የማሠልጠኛው ኮድና የሞዴሉ (ሠልጥኖ ጽሑፉን የሚያነበው ክፍል) ፋይል እስካሁን በማኅበሩ ሰርቨር ላይ ስላልተጫኑ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያም እስኪጫኑ ድረስ ተይዟል።