በስፖንጅ የተከበበ ግልጽ መነጽርና ቫዝሊን፦ በብርድ ወራት ብስክሌት ለሚነዱ

በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ በብርድ ወራት ብስክሌት የሚነዳ ሰው እጁንና እግሩን በደንብ ከሸፈነ በኋላ የሚቀረው ጭንቀት ፊቱ ነው። በቀድሞው የባቡር መስመር ላይ የተሠራውና 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሚድታውን ግሪንዌይ መንገድ በረዶው ስለሚጠረግ ዓመቱን ሙሉ ይነዳበታል። ነገር ግን ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያሳይበት ጠዋት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ አየሩ የረጋ ቢሆን እንኳ፣ ፊቱ ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች ወደ 18 ዲግሪ ይጠጋል። ዓይን ያነባል፣ ጉንጭ ይቀላል፣ ቆዳ ይላላጣል።

ብዙዎቻችን ዓይንና ቆዳን እንደ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እናያቸዋለን። እኔ ግን የቆዳው ጣጣ በአብዛኛው ከዓይን እንደሚጀምር አምናለሁ፤ ስለዚህ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ለመነጽር መውጣት አለበት። ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ የዓይንን ገጽ የሚሸፍነውን ስስ የእንባ ንጣፍ ቶሎ ያደርቀዋል፤ ብርዱንና ድርቀቱን የሚለዩት ነርቮች የእንባ ዕጢዎችን ይቀሰቅሳሉ፤ እንባውን ወደ አፍንጫ የሚወስዱት ቀጫጭን ቦዮች የማይችሉት ሲሆን ትርፉ በጉንጭ ይወርዳል። ጨው ያለበት ይህ እንባ ነፋስ ሲያደርቀው፣ በጓንት ሲጠረግ፣ እንደገና ሲወርድ ቆዳው መቆጣቱ አይቀርም።

የምጠቀምበት መነጽር የተገዛው ከብስክሌት መደብር ሳይሆን የግንባታ መሣሪያ ከሚሸጥበት ቤት ነው። ግልጽ መስታወት ያለው፣ በጎን በኩል የሚታጠፍ፣ ውስጡ በስስ ስፖንጅ የተከበበ የሥራ መከላከያ መነጽር ሲሆን፣ ዋጋው ከጥሩ የብስክሌት መነጽር በእጅጉ ያነሰ ነው። የተለመዱት የስፖርት መነጽሮች ከፊት የሚመጣውን ነፋስ ቢከለክሉም ከጉንጭ አጥንት በላይ ክፍተት ይተዋሉ፤ ነፋሱም በዚያ ገብቶ ወደ ዓይን ይዞራል። ስፖንጁ ይህንን ክፍተት ስለሚዘጋ እንባው ገና ከመጀመሪያው ይቀንሳል። ግልጽ መሆኑም ጥቅም አለው፤ በታኅሣሥ ወር ከሥራ ስንወጣ ጨልሟልና ጥቁር መነጽር አያዋጣም።

ጉድለቱ ጉም ነው። መብራት ይዞን ስንቆም እርጥበቱ በአፍንጫ በኩል ካለው የታችኛው ጠርዝ ይጀምርና ወደ መሐል ይወጣል፤ ስንንቀሳቀስ ቀስ ብሎ ይጠፋል። አፍና አፍንጫን የሚሸፍን የአንገት ልብስ ያደረገ ሰው ትንፋሹ ወደ ላይ ስለሚሄድ ይብስበታል፤ ልብሱን ከአፍንጫ በታች ዝቅ ማድረግ ወይም የላይኛውን ጠርዝ ከመነጽሩ በታች በደንብ ማጥበቅ ይረዳል። ጉም እንዳይዝ የተቀባውን ስስ ሽፋን በደረቅ ሶፍት መፈግፈግ ያበላሸዋልና መነጽሩን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ሳይጠርጉ ማድረቅ ይሻላል። ስፖንጁም ላብ ስለሚይዝ ካልታጠበ ራሱ ቆዳን ያሳክካል።

ለቆዳው የምመርጠው ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ነው። ከቤት ከመውጣት ጥቂት ቀደም ብሎ በጉንጭ፣ በአፍንጫ ዙሪያና በከንፈር ላይ በስሱ ሲቀባ የቆዳው እርጥበት እንዳይተን ያግዳል፤ የወረደው እንባም ቆዳውን ሳይነካ ያልፋል። ከቀቡ በኋላ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል፤ መነጽር የነካ ቫዝሊን በቀላሉ አይለቅም። አገር ቤት የለመድነው ግሊሰሪን ግን ለብቻው ለዚህ አየር አይሆንም፤ እርጥበትን ይስባል እንጂ አያግድም፤ በዙሪያው ያለው አየር ደረቅ ሲሆን ደግሞ የሚስበው ከራሱ ከቆዳው ነው። በውኃ የላላ ግሊሰሪን ተቀብቶ ከላይ ቫዝሊን ቢደረግበት ግን ጥሩ ነው። ሽቶ ያለበት ቅባት በተላላጠ ቆዳ ላይ ያቃጥላል።

አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ቫዝሊን ድርቀትን ይከላከላል እንጂ ብርድን አይከላከልም፤ በውርጭ ከመጎዳት ያድናል ብሎ ፊትን ገልጦ መንዳት አደገኛ ነው። ጉንጭ ወይም የአፍንጫ ጫፍ ደንዝዞ ቀለሙ ከገረጣ፣ ሳያሹ ወዲያውኑ ሙቀት ወዳለበት ቤት መግባት ያስፈልጋል። ቤት ሲደርሱም ፊትን በሙቅ ውኃ መታጠብ የቀረውን የቆዳ ቅባት ስለሚያጥብ ለብ ያለ ውኃ ይመረጣል።

ሰው ሠራሽ የዓይን እንባ (ዓይንን የሚያረጥብ ጠብታ) ደጋግሞ የሚጠቀም ሰው ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን፣ በአንድ ጊዜ መጠን የታሸገውን ቢገዛ ይሻላል፤ ማቆያው በብዛት ሲገባ ዓይንን ያስቆጣል። ቤት ውስጥም ዓይኑ የሚያነባ ሰው ግን መነጽር መግዛቱን ትቶ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ፤ የእንባ ቦይ መዘጋት ሊሆን ይችላል።

የዕይታ መነጽር ለሚያደርጉ ይህን ዕቃ በሙሉ ልብ አልመክርም። በመነጽር ላይ የሚደረቡ ሰፋፊ ዓይነቶች ይሸጣሉ፤ ነገር ግን ሁለት መስታወት ሲደራረብ ጉሙ በመካከል ይያዛል፣ ለመጥረግም አይመችም። ለእነርሱ በመነጽራቸው ላይ የሚገባና የላይና የታች የአየር ቀዳዳ ያለው የበረዶ ሸርተቴ ጎግል (ፊት ላይ ገጥሞ ዓይንን የሚሸፍን ሰፊ መነጽር)፣ ውድ ቢሆንም፣ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ከመግዛት በፊት ሄልሜቱን አድርጎ መለካት ያስፈልጋል፤ የጎግሉ የላይኛው ጠርዝ ከሄልሜቱ ጋር ከተጋፋ ወደ አፍንጫ ይገፋና ትንፋሽን ይዘጋል።