የጊትሃብ ኦርጋናይዜሽን፦ ነፃው ፕላን ለትንሽ ፕሮጀክት አስተዳደር ይበቃል ወይ?

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሦስት አራት ሆነው ክፍት ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች ሪፖውን (የፕሮጀክቱ ኮድ የሚቀመጥበትን ማኅደር) ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት መጀመሪያ በጀመረው ሰው የግል አካውንት ሥር ነው። ያ ሰው ሥራ ሲቀይር፣ አገር ሲለቅ ወይም ሲታመም ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። ነፃው የጊትሃብ ኦርጋናይዜሽን፣ ማለትም ብዙ ሰው የሚጋራው የቡድን አካውንት፣ ለዚህ የሚሆን የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ብቻውን ግን አስተዳደር አይሆንም።

ሪፖውን ወደ ኦርጋናይዜሽኑ ማዛወሩ ቀላል ነው፦ ሴቲንግስ፣ ገጹ መጨረሻ ላይ ዴንጀር ዞን፣ ትራንስፈር። ኢሹዎቹ (የችግርና የሐሳብ መዝገቦቹ)፣ ፑል ሪኩዌስቶቹ (የኮድ ለውጥ ይግባልኝ ጥያቄዎቹ) እና ኮከቦቹ አብረው ይሄዳሉ፤ የድሮው ሊንክም ወደ አዲሱ ቦታ ይመራል። አደራ፣ በድሮው አካውንት ላይ በዚያው ስም ሌላ ሪፖ እንዳይከፈት። ከተከፈተ መምራቱ ይቋረጥና የድሮውን ሊንክ የያዘ ሁሉ በኋላ የተከፈተው ሌላ ሪፖ ውስጥ ይገባል።

ትልቁ ድክመት ኦነር (ባለቤት) የሚባለው ሥልጣን ላይ ነው። አንድ ኦነር ብቻውን ሌሎቹን ኦነሮች ማስወጣት፣ ኦርጋናይዜሽኑንም ከነጭራሹ ማጥፋት ይችላል። የእድር ወይም የአፎቻ ገንዘብ ባንክ ሲገባ ያለ ጣምራ ፊርማ እንዳይወጣ ይደረጋል፤ እዚህ ግን በኦነሮች መካከል ጣምራ ፊርማ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ኦነር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይሁን፤ ሌላው ሰው በቲም (ንዑስ ቡድን) ሥር ራይት (ኮድ የማስገባት) ፈቃድ ይበቃዋል። ከሁለት ማነስም የለበትም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ያለበት ስልክ ከጠፋና 16ቱ የመጠባበቂያ ኮዶች ካልተቀመጡ፣ ጊትሃብ አካውንቱን ላይመልስ ይችላል። ኮዶቹ ታትመው ከስልኩ ተለይተው ሌላ ቤት ይቀመጡ።

የብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ጥበቃው ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖ ላይ በነፃ ይሠራል፤ ከአገልግሎቱ ሁሉ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ዋናው ብራንች ላይ «ፑል ሪኩዌስት ይቅደም፣ ቢያንስ አንድ ሰው ያጽድቅ» ይባላል። ማንም የራሱን ፑል ሪኩዌስት ማጽደቅ አይችልም። ሆኖም ከሥር ያለችው «እነዚህን ደንቦች ማለፍ አይፈቀድ» የምትለው ሳጥን ካልተመረጠች አድሚኖች (የሪፖው አስተዳዳሪዎች) ደንቡን ዘለው ይገባሉ፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚረሳው ይህችን ነው። ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ቡድን ደግሞ አንዱ መብራት ጠፍቶበት ወይም መንገድ ላይ ሆኖ ሦስት ቀን ቢጠፋ ሥራው ይቆማል። ደንቡን ከማንሳት ሦስተኛ አጽዳቂ መጨመር ይሻላል። ሲጨመር ግን በጥድፊያ አይሁን፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ጀርባ በር (ድብቅ ሰርጎ መግቢያ) የገባው፣ የደከመው ብቸኛ ጠባቂ ግፊት በዝቶበት ለዓመታት እምነት ላተረፈ ሰው ሥልጣን ካካፈለ በኋላ ነው።

በግል አካውንት ለቀሩ ሪፖዎች ተተኪ ሰው መሰየም ይቻላል። ተተኪው የሞት ምስክር ወረቀት ካቀረበ 7 ቀን ይጠብቃል፤ የሐዘን ማስታወቂያ ካቀረበ ግን 21 ቀን ነው። በእኛ አካባቢ የሚቀናው ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ የሚወጣው ምስክር ወረቀት ነው። ተተኪው አካውንቱ ውስጥ አይገባም፤ ክፍት ሪፖዎቹን ብቻ ይረከባል።

ለድምፅ አሰጣጥ የዲስከሽን ፖል (የጊትሃብ የውይይት ገጽ ላይ የሚከፈት ምርጫ) አይሆንም። ሪፖው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ አካውንት ያለው መንገደኛ ሁሉ ይመርጥበታልና። ኢሹ ከፍቶ የክፍት ሶፍትዌር ድርጅት የሆነውን የአፓቺን ልማድ መከተል ይበጃል፦ ድምፅ ቢያንስ 72 ሰዓት ክፍት ይሁን፣ ቆጠራው በስም ለተጻፉ አባላት ብቻ፣ ኮድ ላይ «አልስማማም» የሚል ቴክኒካዊ ምክንያቱን ይጻፍ። የተሳታፊ ስም፣ ኦነር እንዴት እንደሚሾምና እንደሚነሳ፣ ለስንት ወር ዝም ያለ አባል ድምፁ እንደሚቆም፣ ይህ ሁሉ ሪፖው ውስጥ በአንድ ገጽ ፋይል ይስፈር። ጊትሃብ መግቢያውን ይጠብቃል እንጂ ስምምነቱን አይጽፍም።

ኦርጋናይዜሽኑ የማይነካቸው ነገሮችም አሉ፦ ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ)፣ የፓይፒአይ (የፓይተን ሶፍትዌር ማከፋፈያ) አካውንት፣ የፕሮጀክቱ ስም። ጊትሃብን የሚመስለው ክፍት ሶፍትዌር ጊቲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ኩባንያ ሲዞር ቅሬታው የተነሳው ዶሜይኑና የንግድ ምልክቱ ማኅበረሰቡ ሳያውቅ በመተላለፉ ነው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከእሱ ተገንጥሎ ፎርጄዮ ተወለደ። ፓይፒአይ ላይ ሁለት ኦነር ይመዝገብ፤ የዶሜይኑ ኢሜይልም የአንድ ሰው አይሁን።

ገንዘብ ከመጣ ጊትሃብ ብቻ አይበቃም። የባንክ ሂሳብ የሚይዝላችሁ ኦፕን ሶርስ ኮሌክቲቭ ከገቢው 10 በመቶ፣ ኤስፒአይ የተባለው ተመሳሳይ ድርጅት 5 በመቶ ይወስዳሉ። በአገር ውስጥ ማኅበር ለማቋቋም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት አባላቱ ከአምስት ማነስ የለባቸውም፤ አዋጁ በድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር የሚሠሩትን ይመለከታል፤ በሐረሪ ክልል ብቻ የሚሠራ ግን የክልሉን ሕግ ያጣራ። አራት ሆናችሁ ገንዘብ ሳይኖራችሁ ለምዝገባ መሯሯጥ ድካም ነው፤ ኦርጋናይዜሽኑንና አንዷን ገጽ አስቀድሙ።