የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያን ማፈን ወይስ መንስኤውን ማረም?

ባለ 64 ቢት ቁጥር አሉታዊ ቁጥርንም ወደሚይዝ ባለ 32 ቢት ተለዋዋጭ (በፕሮግራም ውስጥ ዋጋ የሚቀመጥበት ስያሜ ያለው ቦታ) ሲገባ ዋጋው ሊቆረጥ እንደሚችል ኮምፓይለሩ (ኮድን ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚተረጉመው መሣሪያ) ሲያስጠነቅቅ፣ የመተግበሪያው ገንቢ ሁለት አማራጮች አሉት። ማስጠንቀቂያውን በአንድ መስመር ትእዛዝ ማፈን ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከ2,147,483,647 የሚበልጥ ዋጋ የመጣ ዕለት ፕሮግራሙ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ፣ በዚህ መጠን ከተያዘ፣ በጃንዋሪ 2038 ገደቡን ያልፋል። የተለዋዋጩን ዓይነት ወደ 64 ቢት ማስፋት በአንጻሩ፣ ዋጋውን የሚቀበሉ የፕሮግራሙን ክፍሎች (ፋንክሽኖች) ሁሉ መከለስ ቢጠይቅም፣ አደጋውን ከምንጩ ያስወግዳል፤ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። ማፈን ተገቢ የሚሆነው ዋጋው ከገደቡ እንደማያልፍ በኮዱ ሲረጋገጥ ብቻ ሲሆን፣ ያኔም ትእዛዙ በዚያችው መስመር ተወስኖ ምክንያቱ አጠገቡ ሊጻፍ ይገባል።