ከጎንደር የሚነሣው የሦስት ቀን የተራራ ሩጫ፦ አገልግሎቱ እንዴት ነው?

ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ አስጎብኚ ድርጅት እስከ ደባርቅ በመኪና ወስዶ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንቃበር በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ የሚያስሮጠውን የሦስት ቀን ጉዞ ሞክሬ ተመለስሁ።

ከሁሉ የወደድሁት በመጀመሪያው ማታ እሳት ዳር የሰማነው የታሪክ ገለጻ ነው። በዌልስ በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተካሄደው የአምስት ቀን የተራራ ውድድር፣ ‹ድራገንስ ባክ›፣ ከሰሜኑ የኮንዊ ግንብ ተነሥቶ ሸንተረር ለሸንተረር ወደ ደቡብ የሚወርድ ሲሆን፣ ያን ዓመት ሔለን ዲያማንቲደስ ከማርቲን ስቶን ጋር ተጣምራ አሸንፋለች፤ ውድድሩ ግን ዳግም የተካሄደው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነበር። አስጎብኚያችን ይህን ሲያስረዳ፣ እግሬ ባይዝል ኖሮ እስኪነጋ ባዳመጥሁት።

ምግቡ ደኅና ነው፤ የገብስ ቆሎው በተለይ። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ግጭ፣ ጅባራው በነፋስ ሲወዛወዝ እያየን፣ ላብ ያራሰው ካናቴራ ጀርባችን ላይ እየቀዘቀዘ፣ ብርድ ልብስ የጫኑትን በቅሎዎች ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። በቅሎዎቹ ከሯጮቹ ቀድመው ቢነሡ ኖሮ ሙሉ ነጥብ እሰጥ ነበር።